ክርክር፦ ባንኮክ ላይ ኮንዶ በቀን መከራየት ይገባል ወይ?

አወያይ፦
እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የታይላንድ የሆቴል ሕግ፣ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማረፊያ የሚያከራይ ሰው የሆቴል ፈቃድ ያውጣ ይላል። ባንኮክ ውስጥ ግን የኮንዶሚኒየም ክፍሎች በስልክ መተግበሪያ በቀን ሲከራዩ ይውላሉ። ለሕክምና የሚሄደውም፣ ከፕራቱናም ገበያ ልብስ ሊያመጣ የሚሄደውም፣ ለጉብኝት የሚሄደውም ማረፊያ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ነው። መያዝ ይገባል? ሕጉስ ልክ ነው? መድረኩ ክፍት ነው።

ሕግ ይቅደም፦
አይገባም። ያለ ፈቃድ የሚያከራይ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 20,000 ባህት መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም አብረው ሊወሰኑበት ይችላሉ። ማከራየቱን በቀጠለበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ እስከ 10,000 ባህት ይጨመርበታል። ሕጉ የወረቀት ነብር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁዋ ሂን በምትባለው የታይላንድ ከተማ የሚገኝ ፍርድ ቤት ክፍላቸውን በቀን ባከራዩ የኮንዶ ባለቤቶች ላይ ፈርዷል።

«ቅጣቱ የአከራዩ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» የሚል አይጠፋም። ሻንጣውን እየጎተተ ሲደርስ ግን ሎቢው መስታወት ላይ በታይኛና በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ጊዜም በቻይንኛ «በቀንና በሳምንት ማከራየት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ቁልፉ አጥር ላይ በታሰረች ባለቁጥር ሣጥን ውስጥ ነው። አከራዩ ደግሞ «ጥበቃው ከጠየቀህ የባለቤቱ ጓደኛ ነኝ በል» ብሎ ጽፎለታል። ሰው ገና ከደጃፉ ውሸት ለምን ይማራል? ሊፍቱ የሚሠራው በካርድ ነው። አስተዳደሩ ያንን ካርድ ከዘጋው በእኩለ ሌሊት ከነልጁ ከነሻንጣው ውጭ ይቀራል፤ የዋና ገንዳውና ጂሙማ የነዋሪ ብቻ ተብለው ቀድመው ይዘጉበታል።

ጾመኛዋ፦
ወንድሜ፣ ሕጉን አውቀኸዋል፤ ወጥ ቤቱን ግን ረሳኸው። አራት ሆኖ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ቤተሰብ ሁለት የሆቴል ክፍል ይዞ፣ ለውሃ ማፍያ ብቻ በሚሆን ጣሳ ምን ሊያበስል ነው? ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው አጥሚት ይፈልጋል፤ ገንፎ ይፈልጋል።

የጾም ነገርማ ሌላ ነው። የታይ ምግብ አትክልት ብቻ መስሎ ሲቀርብ እንኳ ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ በድልሁ መሐል ካፒ የሚባለው የተፈጨ ሽሪምፕ አለ። «ሥጋ አታድርጉበት» ማለት አይበቃም፣ ምክንያቱም ለነሱ ናም ፕላ እንደ ጨው ነው እንጂ እንደ ሥጋ አይቆጠርም። መጠየቅ ያለበት «ጄ» ነው። ጄ ያለው ቤት ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፤ ባንዲራው ላይ ያለው ቀዩ የታይ ጽሑፍ 17 ቁጥርን ይመስላል። እሱ ቤት ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ የዓሣ ፈሳሽም የለም። ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለም፤ ለእኛ አፍ ያለ ሽንኩርት ምኑ ወጥ ነው? እና በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ ምድጃ ያለው ክፍል ለብዙ ሰው ቅንጦት አይደለም። ሕጉ ይህን አላየም።

ታካሚ ተቀባይ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሰርቪስድ አፓርትመንት። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው ክፍል ሆኖ ሕንፃው እንደ ሆቴል እንግዳ መቀበያ አለው። ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ሁሉም የሆቴል ፈቃድ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ በወር ብቻ ለማከራየት የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ከ30 ቀን በታች ከሆነ «የሆቴል ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ለታካሚ ዋናው ጣጣ ደግሞ ሎቢው ላይ አይደለም፣ ኢሚግሬሽን ላይ ነው። የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ሆቴል ፓስፖርት ተቀብሎ በዚያው ይልከዋል። ያለ ፈቃድ የሚያከራይ የኮንዶ ባለቤት ግን ቲኤም 30 ሞላ ማለት ራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው፤ ስለዚህ አይሞላም። እስከዚህ ድረስ እንግዳው ምንም አይታወቀውም። ሐኪሙ «ሁለት ሳምንት ይጨመር» ሲል ነው ነገሩ የሚወጣው። የሆስፒታል ደብዳቤ፣ የፓስፖርት ቅጂና የማራዘሚያውን 1,900 ባህት ይዞ ቼንግ ዋታና ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ይሄዳል፤ ከሱኩምቪት መንገድ ወደ ሰሜን፣ ሩቅ ነው። እዚያ የቲኤም 30 ደረሰኝ ሲጠየቅ የለም። አከራዩ ስልክ አያነሣም። ቪዛው ካለፈ መቀጮው በቀን 500 ባህት ነው፣ እስከ 20,000 ይደርሳል። የታመመ ሰው በዚህ መንከራተት የለበትም።

የማረፊያው አድራሻ ከጉዞው በፊትም ይጠየቃል። ከግንቦት ወር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመግቢያ ካርዱ በኢንተርኔት የሚሞላ ሆኗል፤ ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም።

የጨርቅ ነጋዴ፦
ስለ ፈቃዱ የተባለው ልክ ነው። ነገር ግን ሰው ባንኮክ ላይ ገንዘብና ጊዜ የሚያቃጥለው ከሁሉ በላይ በሰፈር ምርጫ ነው። ለልብስ የሚሄድ ሰው ፕራቱናም ነው ማረፍ ያለበት። ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ባቡር ራትቻፕራሮፕ ላይ ያወርዳል፤ ከመጨረሻው ጣቢያ ከፓያ ታይ አንድ ቀድሞ ያለው ነው። ዋጋው ቢበዛ 45 ባህት፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11፡30 ገደማ ግን አይሠራም፤ ያን ጊዜ ከማረፊያው ምድር ቤት የወረፋ ወረቀት ቆርጦ በሜትር ታክሲ ነው። ሜትሩ ከ35 ባህት ይነሣል፣ 50 ባህት የአውሮፕላን ማረፊያ ይጨመራል፣ የፈጣን መንገዱንም ክፍያ የሚችለው ተሳፋሪው ነው። ይህን ሳያውቁ መጨረሻ ላይ ከሾፌር ጋር መጨቃጨቅ ነውር ነው።

የጅምላ ዋጋ በብዙ ሱቅ ከሦስት ፍሬ ጀምሮ ነው፤ አንድ ፍሬ ይዞ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የመንገድ ዳሩ ገበያ ሳይነጋ ይጀምራል፣ ስለዚህ በእግር የሚደረስ ክፍል የያዘ ሰው ሁለት ዙር ይገዛል፤ ከሩቅ የመጣው መኪና መጨናነቅ ውስጥ ተቀምጦ ያያል። ሱኩምቪት ላይ ናና በሚባለው ሰፈር ያረፈ ሰው ቢኖር በሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ይምጣ። ከናና ኑዋ ወደብ ፕራቱናም ወደብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጀልባው ቆሞ አይጠብቅም፤ ጠርዙን ይዞ ዘሎ መግባት ነው፣ ከዚያ ጎን ያለው ሰው ገመዱን ስቦ ሸራውን ያነሣዋል፣ አለበለዚያ የቦዩ ጥቁር ውሃ ልብስ ላይ ይረጫል። ሒሳብ ሰብሳቢዋ የራስ ቁር አድርጋ በውጭው ጠርዝ ላይ ነው የምትሄደው። ጥቅል ጭኖ ግን በዚህ ጀልባ መሄድ አይታሰብም።

ጾመኛዋ፦
ናና ከተነሣ አንድ ነገር ይባል፤ «ናና ማረፍ ነውር ነው» የሚሉ አሉና።

ታካሚ ተቀባይ፦
ናና ሁለት ነው። ሱኩምቪት ላይ ሶይ የሚባሉት ቅያሶች ጎዶሎ ቁጥራቸው በሰሜን፣ ሙሉ ቁጥራቸው በደቡብ ነው። ሶይ 3 የሰሜኑ ናና ነው፤ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እዚያ ነው፣ የዓረብኛ ጽሑፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች፣ ሐላል የሚፈልግ ሁሉ የሚበላበት። ሶይ 4 መንገዱን ተሻግሮ ያለው ነው፤ የመጠጥ ቤት ሰፈር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ አለ። ቤተሰብ የያዘ ሰው ክፍል ሲይዝ «ናና ጣቢያ አጠገብ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ይከፍላል፤ የሶዩን ቁጥር ማየት ነው።

ባቡር ወዳድ፦
ካርታ ላይ «ከጣቢያ 500 ሜትር» የሚለውንም አትመኑ። የባንኮክ ሶይ ብዙው ጫፉ ዝግ ነው፤ ቀጥታ መስመሩ 500 ቢሆንም ቦይ ወይም አጥር መሐል ገብቶ እግረኛው ከኪሎ ሜትር በላይ ይዞራል። የእግር መንገዱን በካርታ አስልታችሁ ከ10 ደቂቃ በላይ ከሆነ ተዉት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ሲጥል ዝቅ ያለው ሶይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ያን ጊዜ በሶዩ አፍ የሚቆሙት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሞተረኞች እንኳ እንቢ ሊሉ ይችላሉ።

ለጉብኝት ብቻ የሚሄድ ሰው ካኦ ሳን ወደሚባለው የቱሪስት ሰፈር ይሄዳል። እዚያ እስካሁን የባቡር ጣቢያ የለም። ወንዙ ዳር፣ ሳፓን ታክሲን ጣቢያ አጠገብ ማረፍ ይሻላል፤ ባለብርቱካናማ ባንዲራው ጀልባ በ16 ባህት ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ያደርሳል። የቤተ መንግሥቱ ትኬት 500 ባህት ነው፣ ከቀኑ 9፡30 በኋላ አይሸጥም፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት።

የሆቴል ዋጋ አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ የአገልግሎትና 7 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተደመረም ማለት ነው። 1,000 ባህት የተባለው 1,177 ይሆናል። ኮንዶ ረከሰ የሚባለው አንዳንዴ ይህን ሳያነጻጽሩ ነው።

ጾመኛዋ፦
እሺ፣ ለታካሚ ሰርቪስድ አፓርትመንት ይሁን። ሕጉ ግን ፍትሐዊ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ እስከ 8 ክፍልና እስከ 30 እንግዳ የሚይዝ አነስተኛ ማረፊያ ለመዝጋቢው አሳውቆ ከሆቴል ፈቃድ ነፃ መሆን ይችላል። ለቤት ባለቤት ከተፈቀደ አንዲት ክፍል ላላት የኮንዶ ባለቤት ለምን ይከለከላል?

ሕግ ይቅደም፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ሊፍቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ብቻውን ከያዘው ግቢ እንግዳ ቢገባ የሚረበሸው እሱ ነው። ኮንዶ ውስጥ ደረጃውም፣ ሊፍቱም፣ ገንዳውም የሁሉም ነው፤ የኮንዶሚኒየም ሕጉም ለንግድ ከተለየው ቦታ ውጭ ንግድ አይካሄድ ይላል። በየሁለት ቀኑ የሚቀያየር የማያውቁት ሰው የመግቢያውን ኮድ ይዞ ሲመላለስ እዚያ ልጅ የምታሳድግ እናት ምን ትበል? ለባንኮክ ሠራተኛ በወር የሚከራየው ክፍልም በቀን ኪራይ ይዋጣል።

ጾመኛዋ፦
እንግዲያው የሕንፃው ባለቤቶች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ይወስኑ። የፈቀደ ሕንፃ ይከፈት፣ ቲኤም 30 ይሙላ፣ ግብር ይክፈል። የተደበቀ ከሚሆን የተመዘገበ ይሻላል።

ሕግ ይቅደም፦
በዚህ እስማማለሁ፤ እስኪፈቀድ ድረስ ግን አልይዝም፣ ያዙም አልልም።

ታካሚ ተቀባይ፦
ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ለአከራዩ ሦስት ጥያቄ ጻፉለት፦ የሆቴል ፈቃድ አላችሁ? ቲኤም 30 በ24 ሰዓት ውስጥ ሞልታችሁ ደረሰኙን ትሰጡናላችሁ? ቁልፉን የምንቀበለው ከእንግዳ መቀበያ ነው ወይስ ከሣጥን? ሁለተኛውን ዘሎ «ምንም ችግር የለም» ብሎ ከመለሰ ሌላ ክፍል ፈልጉ።