ቡና በተቀዳ ቁጥር የቦይለሩ ሙቀት ከልክ ያልፋል፣ ፒአይዲዬ (የሙቀት መቆጣጠሪያዬ) ምን ጎደለው?

ባለ አንድ ቦይለር የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ነው፤ ቦይለሩ አሉሚኒየም፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ማሞቂያው 1300 ዋት። የቡናውን ቴርሞስታት ፈትቼ በዚያው ቀዳዳ ባለ ኤም 4 ብሎን ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ለፒአይዲው ሙቀት የሚለካ ሴንሰር) አስገባሁ። ማሞቂያውን የሚያበራው ከፒአይዲው ትእዛዝ የሚቀበል 25 አምፒር ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። የእንፋሎቱን ቴርሞስታትና የደህንነት ፊውዙን አልነካኋቸውም።

ሳይቀዳ ሲቆም እንከን የለውም፤ 105 ላይ (ቡናው ጋ ሲደርስ 93 ገደማ) ከ1 ዲግሪ በላይ አይወዛወዝም። ጣጣው ሲቀዳ ነው። ከ18 ግራም ዱቄት 36 ግራም ቡና በ28 ሰከንድ ስቀዳ ቁጥሩ ወደ 97 ይወርዳል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ደግሞ 112 ድረስ ዘሎ ለመመለስ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ቶሎ ከደገምኩ ሁለተኛው ስኒ አርሮ ይወጣል።

የሪሌዩን የማብሪያ ዑደት ከ20 ሰከንድ ወደ 2 አወረድኩ፤ ዝላዩ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አውቶቲዩን (ፒአይዲው ቅንብሮቹን ራሱ የሚመርጥበትን) ሁለት ጊዜ አስኬድኩ፣ ሁለቴም «ፒ» (ለአሁኑ ጉድለት የሚሰጠው ምላሽ) 12፣ «አይ» (ለተጠራቀመው ጉድለት) 95፣ «ዲ» (ለለውጡ ፍጥነት) 24 አካባቢ ሰጠ። የሚለካው ውሃ ሳይንቀሳቀስ ስለሆነ ብዙም አላምነውም። ሴንሰሩን አውጥቼ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀባሁት፣ ያው ነው። ሪሌዩ ሳይታዘዝ እያሳለፈ እንደሆነ ለማየት የትእዛዝ ሽቦውን ነቀልኩ፤ ማሞቂያው አልሞቀም።

የምጠረጥረው «አይ» የሚባለውን ቅንብር ነው፤ በሚቀዳበት ጊዜ ጉድለቱን ሲያጠራቅም ቆይቶ በኋላ በአንዴ ይለቀዋል። በዚህ መሣሪያ «አይ» የሚሞላው በሰከንድ ስለሆነ ቁጥሩ ሲያድግ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለዚህን ያህል ትንሽ ቦይለር «አይ»ን ወደ 200 ማሳደግ ይሻላል ወይስ «ዲ»ን ከፍ ማድረግ?