ጊደሮቼን የእድገት ሆርሞን ላስወጋ ወይስ ይቅር?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ አንዴ አማክሩኝ። 3 ክልስ ጊደሮች አሉኝ፣ ሁለቱ 17 ወር ሞልቷቸው እስካሁን አልደሩም፣ አንዷ ገና 7 ወሯ ነው። ሚበሉት ጭድና ፉሩሽካ ነው፣ ፋጉሎ ሲወደድብኝ ካቆምኩ ቆየሁ። ትናንት አንድ ልጅ በረት ድረስ መጥቶ የእድገት ሆርሞን ነው፣ ቶሎ ያደርሳቸዋል ወተትም ይጨምራል ብሎ መርፌ አሳየኝ፣ ከኪሱ ነው ያወጣው፣ የብልቃጡ ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ሞክሮት ሚያውቅ አለ? ቤቴ ሚተዳደረው በነዚህ ነው በናታችሁ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ወንድሜ እንዳታስወጋ! ቢኤስቲ ሚባለው የላም እድገት ሆርሞን አሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ለምትታለብ ላም ነው፣ ከወለደች 2 ወር ገደማ ሲሆናት ተጀምሮ በየ14 ቀኑ ሚወጋ። የጡት በሽታና ማነከስ ስለሚያበዛ ካናዳና የአውሮፓ ህብረት በ1999 እ.ኤ.አ. አንቀበልም ብለዋል። ጊደር ላይም ተሞክሯል፣ ሳትደርስ ሲሰጣት ወተት ሚሰራው የጡት ክፍል ይጨምራል፣ ግን ወልዳ ስትታለብ ወተቱ ላይ አስተማማኝ ለውጥ አላመጣም። ደሞ ፕሮቲን ስለሆነ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ በአዳማ ሙቀት ኪስ ውስጥ የዋለውን እንኳን ላንተ ጊደር ለማንም አልመክርም።

ጠያቂ፦ እሺ ዶክተር፣ ማድሪያ መርፌስ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ፕሮስታግላንዲኑን ነው? እንቁላል ማፍራት ላልጀመረች ጊደር ምንም አያደርግም፣ ሳታውቅ አርግዛ ከሆነ ደግሞ ያስወርዳታል። መጀመሪያ በእጅ ትመርመር። የእናታቸው ክብደት ስንት ነው? ጊደር ምትጠቃው የእናቷን ግማሽ አለፍ ብላ 55፣ 60 በመቶ ስትደርስ ነው። ደረቷን ከፊት እግሯ ኋላ ዙሪያውን በሜትር ለካና ንገረኝ።

እናት (ሀዋሳ)፦ ልጄ እኔም በችኮላ ተጎድቻለሁ። አንዷን ከ4 ወሯ ጀምሮ ፉሩሽካና ሞላሰስ ሳልለካ አበላኋት፣ ሰው ሁሉ ያደንቃታል፣ ጡቷም ሞልቶ ነበር፣ ወልዳ ሳልባት ግን ከጠዋት እስከ ማታ 4 ሊትር አልሞላ አለኝ፣ ለካ ጡቷ ስብ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ እውነትዎን ነው እናቴ፣ ከ3 እስከ 9 ወር ከመጠን በላይ የወፈረች ጊደር ጡቷ ውስጥ ስብ ይገባል። የ7 ወሯን እንዳታወፍራት፣ በቀን 700 ግራም ገደማ ብትጨምር ይበቃል።

ጠያቂ፦ ለካሁ ዶክተር፣ የትልቋ ደረት 138 ሴንቲ ነው፣ እናቷ 430 ኪሎ ትሆናለች።

የእንስሳት ሐኪም፦ 220 ኪሎ አካባቢ ናት ማለት ነው፣ ከ240 በላይ ያስፈልጋታል። የጎደላት ፕሮቲን ነው፣ 3 እጅ ፉሩሽካ 1 እጅ ፋጉሎ ከጨው ጋር ቀላቅለህ ለትልልቆቹ በቀን 2 ኪሎ ስጥ፣ አልፋልፋ ካገኘህ ጨምር፣ የሆድ ትል መድሃኒትም አስጠጣቸው። በወሩ ድጋሚ ለካ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለልጁ ደውዬ አትምጣ ብዬዋለሁ። ጠዋት ፋጉሎ ልገዛ ነው።