«ፍራንስ» የተባለችው የመንገደኛ መርከብ በ12 ዓመቷ ከሥራ ወጥታ እንደገና 23 ዓመት የሠራችው እንዴት ነው?

የለገሃር ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መንገድ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው የገዛሁትን የፈረንሳይኛ መጽሔት ሳገላብጥ፣ ጎኗ ጥቁር፣ ላይኛው ክፍሏ ነጭ፣ በሁለቱ የጢስ ማውጫዎቿ ግራና ቀኝ ክንፍ የመሰለ ነገር የተሠራላት ግዙፍ መርከብ አየሁ። «ፍራንስ» ትባላለች። ታሪኳን ሳጣራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1960 በሰን ናዜር የፕሬዚዳንት ደጎል ባለቤት መርቀዋት ውኃ ላይ መውረዷን፣ በ1962 ከለ ሃቭር ወደ ኒው ዮርክ የመጀመሪያ ጉዞዋን ማድረጓን፣ 316 ሜትር ርዝመቷንም እስከ 2004 ድረስ ሌላ የመንገደኛ መርከብ እንዳልበለጠው ተረዳሁ።

ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1974 ገና በ12 ዓመቷ ከሥራ ትወጣለች፤ በ1980 ደግሞ «ኖርዌይ» በሚል ስም በካሪቢያን ባሕር የመዝናኛ መርከብ ሆና እስከ 2003 ታገለግላለች። ብዙ ሰው ምክንያቱ በ1973 የነዳጅ ዋጋ መናሩ ነው ይላል። ነገር ግን አዲሱ ባለቤት የገዛት በ1979 ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ በኢራን አብዮት ሳቢያ ነዳጅ እንደገና የተወደደበት ነው። ለአንዱ ኪሳራ የነበረችው መርከብ ለሌላው እንዴት ትርፍ ሆነች? በመጨረሻስ ያበቃላት በዕድሜ ነው፣ በአደጋ ነው ወይስ በገንዘብ እጦት?

ከአራት ኪሎ

ነዳጁ ምክንያት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም መርከቧ ገና ስትሠራ ሥራዋ በሌላ ተወስዶባት ነበር ብንል ወደ እውነቱ ይበልጥ እንቀርባለን። «ፍራንስ» የታሰበችው ሰውን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ በአምስት ቀን ገደማ ለማድረስ ነው። ጄት አውሮፕላን መንገደኛ ጭኖ አትላንቲክን ማቋረጥ የጀመረው በ1958 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እሷ ገና በመሥሪያው ውስጥ ነበረች። የእኛው አየር መንገድ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች የተረከበው እሷ ጉዞ በጀመረችበት በ1962 ነው፤ የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት ስለማይበቃም ቦሌ ተሠራ። ጠያቂያችን ከሚኖሩበት ሰፈር ባቡር ተሳፍሮ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ሲደርስ በመርከብ ወደ ማርሴይ ይሻገር የነበረው መንገደኛ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደ አውሮፕላን ዞረ። በአትላንቲክ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የተጎዱት መርከቦች እጅግ ውድ መሆናቸው ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ይህን እያየች ለምን ሠራቻት ቢባል፣ መልሱ በአመዛኙ ብሔራዊ ክብር ነው። መርከቧ በመንግሥት ድጎማ ትንቀሳቀስ ነበር፤ በ1962 መጨረሻ የሞና ሊዛ ሥዕል ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ የተጓዘው በእሷ ነው። በክረምት የአትላንቲክ መንገደኛ ሲያንስ የሽርሽር ጉዞ ያስደርጓት ነበር፤ ይሁንና ለዚህ አልተሠራችም። ሁለቱም የመዋኛ ገንዳዎቿ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ወርዷም የፓናማን ቦይ ስለማያሳልፋት በ1972 ዓለምን ስትዞር በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞራ መሄድ ነበረባት። በ1974 አዲሱ መንግሥት ድጎማውን ሲያቋርጥ ሠራተኞቿ መርከቧን ይዘው በለ ሃቭር ወደብ መግቢያ ላይ መልሕቅ ጣሉና ለሳምንታት አድማ መቱ። መንገደኞቹን በሌላ ጀልባ ማውረድ ግድ ሆነ። ውሳኔው ግን አልተቀለበሰም፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ወደብ ከአራት ዓመት በላይ ታስራ ቆመች።

ስለ ትርፉ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ክኑት ክሎስተር የተባለው ኖርዌያዊ ባለ መርከብ በ18 ሚሊዮን ዶላር ከገዛት በኋላ በጀርመኗ ብሬመርሃቨን ያደረገው ትልቁ ነገር ማስዋብ ሳይሆን ማዘግየት ነው። ከአራቱ ፕሮፔለሮች ሁለቱን አስነቀለ፣ የፊተኛውን የማሽን ክፍል አዘጋ፣ 30 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ትሄድ የነበረችውን ወደ 17 ኖት ገደማ አወረዳት። አንድ መርከብ የሚፈልገው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ (ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል)፣ በዚህ ስሌት ከቀድሞው ኃይል አንድ አምስተኛው እንኳ አያስፈልጋትም። በካሪቢያን የሚዝናና ሰው የሚቸኩልበት ቦታ የለውም፤ ትኬት የገዛው መርከቧ ላይ ለመቆየት ነው። ሁለቱን የመንገደኛ ማዕረጎች የለየው ክፍፍል ቀረ፣ ከፀሐይ በታች ገንዳ ተሠራ። በብዙዎቹ ደሴቶች ወደቡ ጥልቀት ስለማይበቃት ሰው ወደ ምድር የሚያመላልሱ ሁለት ትልልቅ ጀልባዎች በፊት ለፊት መድረኳ ላይ ተጫኑላት። በ1990ም ሁለት ተጨማሪ ፎቆች በላይዋ ተቀጠሉ። ለገቢ ጠቅመዋል፤ ለመልኳ ግን እንዳልጠቀሙ ፎቶዎቹን አስተያይቶ መፍረድ ይቻላል።

የማሽን ክፍል ጡረተኛ

ወንድማችን ከአራት ኪሎ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በንግድ መርከብ ማሽን ክፍል የኖርሁ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከታች፣ ከቦይለሩ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚያወጣው ጋን) በኩል ነው የማየው። «ፍራንስ» በእንፋሎት ተርባይን የምትሄድ ባለ ስምንት ቦይለር መርከብ ነበረች። ፍጥነቷ ሲቀነስ አራቱ ለሥራ ቀሩ። ቦይለር የሚወደው አንድ ዓይነት ሙቀት ነው፤ አትላንቲክን ሲያቋርጡ ለቀናት ሳይጎድልና ሳይጨምር ይነድዳል። በየሳምንቱ ማያሚ እየገቡ፣ በየደሴቱ እየቆሙ ሲሠሩ ግን እሳቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብረቱ ይለጠጣል፣ ይሸበሸባል፤ ይህ ለሃያ ዓመት ሲደጋገም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይወልዳል። ስንጥቁን በብየዳ መሸፈን ይቻላል፤ የደከመውን ብረት ግን ብየዳ አያድሰውም።

ሜይ 25 ቀን 2003 ጠዋት፣ መርከቧ ማያሚ ወደብ ላይ ቆማ ሳለ ከቦይለሮቹ የአንዱ ታችኛው የውኃ ማጠራቀሚያ ተቀደደ። ከማሽን ክፍል ውጭ ላሉ አንባቢዎች ላስረዳ፤ በቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ውኃ ሆኖ የሚቆየው ግፊት ስላለበት ብቻ ነው። ብረቱ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውኃውም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ስምንት የመርከቧ ሠራተኞች ሞቱ፤ ከመንገደኞቹ አንድም አልሞተም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራም ጥፋቱን ያሳረፈው በቦይለሩ አሠራር፣ ጥገናና ቁጥጥር ጉድለት ላይ እንጂ በመርከቧ ዕድሜ ላይ አይደለም። ስለዚህ ጠያቂው «ዕድሜ ነው ወይ?» ላሉት፣ የእኔ መልስ አይደለም የሚል ነው።

ለማነጻጸር «ኩዊን ኤልዛቤት ሁለት» የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ልጥቀስ። እሷም በ1969 ሥራ ስትጀምር በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች። ባለቤቶቿ በ1986 እና በ1987 እዚያው ብሬመርሃቨን አስገብተው ተርባይኑን ከነቦይለሩ አወጡና ዲዝል ተከሉላት፤ እስከ 2008 ሠራች። «ኖርዌይ» ግን ፎቅ እየተጨመረላት በእንፋሎቷ ቀረች። ፎቅ ሲጨመር የሚሸጥ መኝታ ይገኛል፣ ቦይለር ሲቀየር ግን መንገደኛው የሚያየው ነገር የለም፤ ገንዘቡ ወደ ላይ የሄደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ያም ሆኖ ከአደጋው ብትተርፍ እንኳ ብዙ ዓመት ባልቀራት ነበር፤ ተቀጣጣይ ቁሳቁስ በመንገደኛ መርከብ ላይ እንዳይኖር የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ደንብ በ2010 በአሮጌዎቹም ላይ ሲጸና ብዙዎቹን ከባሕር አስወጥቷል።

የለገሃር ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቦይለሩ ማብራሪያ ለእኔ አዲስ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት መርከብ ወደ ሕንድ ሄዳ ከምትቆራረጥ፣ ፈረንሳዮቹ ወይም ሌላ ሰው ሆቴል ወይም ሙዚየም ሊያደርጓት አይችሉም ነበር?

ካዛንቺስ የነበረች

የአካባቢ ሕግ ስለተማርኩ ወደዚህ ክፍል ልግባ። ባለቤቶቿ በ2004 ዳግመኛ እንደማትጓዝ ካስታወቁ በኋላ መርከቧ ከአደጋው በኋላ ተወስዳ ከቆመችበት ከብሬመርሃቨን በጉተታ ተነሥታ በ2005 ማሌዢያ ደረሰች። በ2006 ደግሞ ተሸጣ፣ «ብሉ ሌዲ» ተብላ፣ በሕንድ ጉጃራት ወደሚገኘው አላንግ ተወሰደች። አላንግ የተመረጠው የባሕሩ ውጣ ውረድ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ውኃው ሲሞላ መርከቡን ወደ ዳርቻው ይነዱታል፣ ሲጎድል በደረቅ ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሠራተኛው በጋዝ እየቆረጠ ይበትነዋል። ብረቱ ቀልጦ ወይም ተዳምጦ ለግንባታ ይውላል፤ አልጋው፣ ሳህኑ፣ በሩና መብራቱ ደግሞ በመንገዱ ዳር በተደረደሩ ሱቆች ይቸረቸራል። ምናለሽ ተራን በመርከብ ልክ አስፍታችሁ አስቡት።

ክርክሩ የተነሣው በአስቤስቶስ ምክንያት ነው። በዘመኑ እሳት እንዳይዛመት ተብሎ በግድግዳዎቿና በቧንቧዎቿ ላይ የተለበደው ከሺህ ቶን በላይ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያስከትላል። አደገኛ ቆሻሻን ከአገር ወደ አገር ማዘዋወርን የሚገድበው የባዝል ስምምነት በ1989 የጸደቀ ቢሆንም፣ በጉተታ ላይ ያለ መርከብ መቼ መርከብነቱ አብቅቶ ቆሻሻ እንደሚሆን ባለቤቶች እንደሚመቻቸው ይተረጉሙታል። ተሟጋቾች ጉዳዩን እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2007 እንድትበተን ፈቀደ፣ በ2008 አለቀች። ለታሪኳ የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አልነቅፋቸውም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የፈረንሳይ ክብርና የአሜሪካ መዝናኛ ሲያበቃ አቧራው በጉጃራት የቀን ሠራተኛ ሳንባ ላይ መቅረቱ ነው።

ሙዚየም ስለማድረግ፦ ይቻላል፣ ግን ወጪው አያልቅም። «ኩዊን ሜሪ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ከ1967 ጀምሮ ቆማለች፣ በ1972ም ሆቴል ሆናለች፤ ለጥገናዋ ከተማዋ ደጋግማ ገንዘብ ማውጣት ነበረባት። «ሮተርዳም» የተባለችው የ1959 መርከብ ከ2010 ጀምሮ በስሟ በተጠራችበት ከተማ ሆቴል ናት፤ አስቤስቶሷን ማስወገዱ ብቻ ትልቅ ሥራ ነበር። በፍጥነት ወደር ያልተገኘላት «ዩናይትድ ስቴትስ» ደግሞ ከ1969 ጀምሮ ያለ ሥራ ከቆመች በኋላ፣ በ2024 በፍሎሪዳ የሚገኝ አንድ የወረዳ አስተዳደር ባሕር ውስጥ አስምጦ የዓሣ መራቢያና የጠላቂዎች መጎብኛ ሊያደርጋት ገዝቷታል። ከ«ፍራንስ» የተረፈውን ማየት ለሚፈልግ፣ ቆራጮቹ ለይተው ያስቀሩት የፊተኛ ጫፏ በ2009 ፓሪስ ውስጥ በጨረታ ተሽጦ ዛሬ ለ ሃቭር ይገኛል።

የማሽን ክፍል ጡረተኛ

እኅታችን ስለ አስቤስቶስ የጻፉት ላይ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። በመርከብ ላይ አስቤስቶስ በብዛት የሚለበደው በማሽን ክፍል የእንፋሎት ቧንቧዎች ላይ ነው፤ ቧንቧ ሲጠገን ልባሱን በእጅ መላጥ የእኛ ሥራ ነበር፣ ያን ጊዜ ጭምብል የሚሰጥ ሰውም አልነበረም። ስለዚህ አቧራው የተጀመረው አላንግ ላይ አይደለም። በዚያ ዘመን በእንፋሎት መርከብ ላይ የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ሳል ከበዛባቸው ለሐኪም ሥራቸው ምን እንደነበር አስረድታችሁ የደረት ራጅ እንዲነሡ አድርጉ።