የሲቢዲ ዘይት በስንት ደቂቃ ይሠራል? ለእናቴ ጉልበት

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህ የጉልበቷ ሕመም ብሶባታል። ደረጃ መውጣት ፈተና ነው። ቆማ ማስቀደስም ትታለች። ሰሞኑን አንዲት የምናውቃት ሴት የሲቢዲ ዘይት ይዛልን መጣች። «ከምላሷ ስር ጠብ አድርጊላት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብድግ ትላለች» አለችኝ። ጠርሙሱ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ላዩ ላይ 1000 ሚሊግራም ይላል። በእውነት በስንት ደቂቃ ነው የሚሠራው? ስንት ጠብታ ነው የሚሰጠው? ደግሞስ ሀሺሽ ነው ወይስ አይደለም? ሀሺሽ ከሆነና እናቴ ከሰማች ቤቱን ጥላልኝ ነው የምትሄደው።

ከሚኒያፖሊስ፦

እህቴ፣ እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እማማን የሚያስጨንቃቸው እሱ ስለሆነ።

ሲቢዲም ቲኤችሲም የሚወጡት ከአንድ ተክል ነው፣ ከካናቢስ። የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው። ሲቢዲ አያሰክርም። አሜሪካ ውስጥ በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) የወጣው የእርሻ ሕግ፣ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ተክል ሄምፕ ብሎ ከማሪዋና ለየው። ነዳጅ ማደያው ሁሉ በሲቢዲ የተጥለቀለቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ እናትሽ አይሰክሩም። እውነት ከሆነ ነው ያልኩት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ደቂቃው። ሰዓቱን የሚወስነው በየት በኩል እንደገባ ነው። በቬፕ፣ በኤሌክትሪክ ሲጋራው፣ የተሳበ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቶሎም ይወርዳል። እሱን ለእናትሽ ማንም አይመክርም። የተዋጠው ግን በሆድ አድርጎ በጉበት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጉበት ደግሞ ገና ሥራ ሳይጀምር አብዛኛውን ይፈጨዋል። በባዶ ሆድ ከተዋጠው ውስጥ ደም ድረስ የሚዘልቀው ከመቶ 6 አካባቢ ብቻ ነው። ለውጥ ካለ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው።

ከምላስ ስር የሚደረገውን ሻጮቹ ከ15 እስከ 45 ደቂቃ ይሉታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አፍ ውስጥ ባሉት ስስ የደም ስሮች በኩል ጉበትን ሳይነካ ይገባል ነው። ግን ዘይት ነው። ከምራቅ ጋር አይዋሃድም። ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ይዞት ይቆይና ሳያስበው ይውጠዋል። ስለዚህ ከምላሱ ስር ያደረገ ሰውም ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው እንደዋጠው ሰው ነው። በአሥር ደቂቃ ብድግ አልኩ የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ወይ ተስፋው ነው የሠራው፣ ወይ ጠርሙሱ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ተስፋ ሕመም ላይ ይሠራል፤ ማንንም ውሸታም ማለቴ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። ሲቢዲ ቅባት ይወዳል። በሐኪም የሚታዘዘው የሲቢዲ መድኃኒት ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። በመመሪያው ላይ እንደተጻፈው፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚደርስበት ጣሪያ 5 እጥፍ፣ ጠቅላላ የሚገባው መጠን ደግሞ 4 እጥፍ ይሆናል። እኛ ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው በባዶ ሆዱ የሚወስዳት ጠብታና ያው ሰው በፋሲካ ከዶሮ ወጥ በኋላ የሚወስዳት ጠብታ አንድ አይደሉም። «ትናንት ምንም አላለኝም» ብሎ ዛሬ መጠኑን እጥፍ የሚያደርገው ሰው ትናንትና ዛሬ ምን እንደበላ አያስብም።

ስለ መጠኑ እንቁጠረው። 1000 ሚሊግራም በ30 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 33 ሚሊግራም ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ድሮፐር (ማንጠባጠቢያው) አንድ ሚሊ ሊትር ይይዛል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ተቋም በ2023 ለጤናማ አዋቂ በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ አትውሰዱ ብሏል፤ ከዚያ በፊት 70 ነበር የሚለው። 10 ሚሊግራም የድሮፐሩ አንድ ሦስተኛ አይሞላም።

በሌላ በኩል፣ «ሲቢዲ ጭንቀት ይቀንሳል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በ2011 የወጣ የብራዚል ጥናት አለ። ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ከንግግሩ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት በአንድ ጊዜ 600 ሚሊግራም ነበር የተሰጣቸው። ያንቺን ጠርሙስ ከግማሽ በላይ በአንድ ጉንጭ ማለት ነው። ሰው ጥናቱን ያነባል፣ ከዚያ አምስት ጠብታ ይወስዳል፣ ከዚያ ተሻለኝ ይላል። እኔ እንጃ።

ጉልበትን በቀጥታ የሚመለከትም አለ። ቪየና ውስጥ የጉልበት መገጣጠሚያቸው ያለቀ ሰዎች በየቀኑ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ለ8 ሳምንት ከፓራሲታሞል ጋር ወሰዱ። ውጤቱ በ2023 ታተመ። ባዶውን እንክብል ከወሰዱት የተሻለ የሕመም ቅናሽ አላገኙም። ይህን የምነግርሽ ደስ እያለኝ አይደለም።

ታዲያ ለምን ተረጋግጧል የሚሉት? ለልጆች የሚጥል በሽታ ስለተረጋገጠ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፒዲዮሌክስን በሰኔ 2018 የፈቀደው ድራቬ እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ከባድ ዓይነቶች ነው፤ በ2020 ሦስተኛ በሽታ ተጨመረ። እሱም በኪሎ ተሰልቶ፣ በየቀኑ፣ የጉበት ምርመራ እየተደረገ ነው። ሲደጋገም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ እስኪወጣ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። መጠኑ ደም ውስጥ የሚረጋውም ከሳምንት በላይ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መፍረድ፣ ለጥሩም ሆነ ለመጥፎ፣ ትርጉም የለውም።

ምን ይሰማል ካልሽ፦ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ድካም፣ የአፍ መድረቅ፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ። መጠኑ ሲበዛ የጉበት ምርመራ ውጤት ይዛባል። ጉልበታቸው የደከመ ትልቅ ሰው ላይ ድብታ ሲጨመር ደረጃው ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። በ2017 ተመራማሪዎች ከኢንተርኔት 84 የሲቢዲ ምርቶች ገዝተው መረመሩ። መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል የያዙት ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልሞሉም። 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። አማዞን ላይ «የሄምፕ ዘይት» እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፍሬው ዘይት ነው፤ ሲቢዲ የለውም ማለት ይቻላል። አማዞን ራሱ ሲቢዲ እንዲሸጥበት አይፈቅድም። ምርቱን ሌላ ላብራቶሪ የመረመረበት ወረቀት ከሌለ፣ የምርት ቁጥሩም ከጠርሙሱ ጋር ካልገጠመ፣ አትመኚው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠየቅ የነበረብኝ፦ እናትሽ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?

ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል፣ እና ኩማዲን። የልብ ምቷ የተዛባ ነው ተብሎ ነው። በየወሩ ደሟ ይታያል። ሴትዮዋ ግን «ተፈጥሮ ነው፣ ከምንም ጋር አይጋጭም» ነበር ያለችኝ።

ከሚኒያፖሊስ፦

ኩማዲን ካለ እዚህ ላይ ቁሚ። ሌላውን ሁሉ እርሺው።

ኩማዲን ዋርፋሪን ነው፣ ደም ማቅጠኛ። ጉበት እየሰባበረ ነው ከሰውነት የሚያስወጣው። ሲቢዲ ደግሞ ጉበት መድኃኒት የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች ያዘገያል። ዋርፋሪኑ ሳይወጣ ይከማቻል፣ ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፣ ይደማል። በየወሩ የሚያዩት ቁጥር አይኤንአር ይባላል፤ እሱ ነው የሚያሻቅበው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስም እንዲሁ ከፍ ይልባቸዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ በተለይ ክሎባዛም እና ቫልፕሮይክ አሲድም አሉበት። «ከግሬፕፍሩት ጋር አትውሰድ» የተጻፈበት መድኃኒት ካለ ሳትጠይቂ ሲቢዲ አታስጠጊ። ተፈጥሮ ነው የሚለውን በተመለከተ፣ ኮሶም ተፈጥሮ ነው።

ሰጥተሻቸው ከሆነ ዛሬውኑ አይኤንአራቸውን ወደሚከታተለው ክሊኒክ ደውዪና ንገሪ። ኩማዲኑን ግን በራስሽ አታቁሚ። ድድ ሲደማ፣ ሰገራ ሲጠቁር፣ ያለ ምክንያት ሲበልዝ ወይም ጭንቅላታቸው ሲመታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ለጉልበታቸው ብለሽ አድቪል ወይም አሊቭም እንዳትሰጪ፤ ከኩማዲን ጋር አይሄዱም። ታይለኖልም (ፓራሲታሞል ማለት ነው) ቢሆን በየቀኑ ሲሆን አይኤንአር ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። ፊዚካል ቴራፒ እና ጉልበት ላይ የሚሰጥ መርፌ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሲደወል «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ ሆስፒታሉ በነፃ ነው የሚያቀርበው። እማማ ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል። ለልጅ የማይነገር ሕመም አለ።

ከዳላስ፦

እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጥያቄው የእናት ቢሆንም ለወንድሞቼ ልጨምር። ሲዲኤል፣ የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያላችሁ፣ ይህን ዘይት ለወገብ ብላችሁ እንዳትነኩት። የሽንት ምርመራው ሲቢዲን አይፈልግም፣ ቲኤችሲን ነው የሚፈልገው። ፉል ስፔክትረም የሚባለው፣ ከሲቢዲው ሌላ የተክሉን ነገሮችም የያዘው፣ ትንሽ ቲኤችሲ አለው፤ ቀን በቀን ሲወሰድ ይጠራቀማል። አይሶሌት የሚባለው፣ ሲቢዲ ብቻ የተለየበት፣ የለውም ይላሉ፣ ግን ከላይ የተጻፈውን የ84ቱን ጠርሙስ ታሪክ አንብቡ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 በግልጽ ጽፎታል፦ ሲቢዲ ነው የወሰድኩት ማለት ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ፖዘቲቭ ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። የጭነት መኪናው ዕዳ ያንተ ነው፣ ዘይቱን የሰጠህ ሰው አይከፍልልህም።

ከዴንቨር፦

በአጭሩ፣ ዜግነት ለምትጠብቁ። እዚህ ዲስፔንሰሪ (ማሪዋና በፈቃድ የሚሸጥበት ሱቅ) ውስጥ የሚሸጠውና ቲኤችሲ የበዛበት ዘይት ሄምፕ አይደለም። በስቴቱ ሕጋዊ ነው፣ በፌደራል ግን አይደለም። ኢሚግሬሽን በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ማሪዋና መጠቀምም ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለጉልበቴ ነው» ብሎ ማመን ዋጋ ያስከፍላል። ጥርጥር ካላችሁ መጀመሪያ ጠበቃ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ክሊኒኩ ጋ ደውያለሁ፤ አትስጪ፣ ለምርመራም አምጫት አሉኝ። ዘይቱን እስካሁን አልሰጠኋትም። አንድ የቀረኝ፣ ሴትዮዋ ክሬምም ትታልናለች። እሱስ? እናቴ የምትመለሰው በዱባይ ትራንዚት አድርጋ ስለሆነ ለመንገድ ልይዝላት አስቤ ነበር።

ከሚኒያፖሊስ፦

ክሬሙ ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ ቶሎ የሚሰማቸው ቅዝቃዜ ካለም ብዙውን ጊዜ የሜንቶሉ ነው። ቢሆንም ለክሊኒኩ ሳትነግሪ አትቀቢ። ስለ ዱባይ የሚያውቅ ይመልስ።

ከዱባይ፦

እህቴ በእናትሽ! ክሬሙንም፣ ዘይቱንም፣ ከረሜላውንም ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢ። አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ሄምፕ ነው ብለው ያሳልፉሻል፣ እዚህ ግን ሲቢዲን ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ትራንዚትም ቢሆን። ሳዑዲም ያው ነው። ማንም «የአሜሪካ ሕግ ይፈቅዳል» ብሎ የሚሰማሽ የለም። ለእሳቸው ደግሞ በዚያ ዕድሜ፣ ቋንቋ ሳይችሉ፣ ኤርፖርት ውስጥ መጠየቅ አይገባቸውም። አገር ቤትም ካናቢስ የተከለከለ ነው፤ ቦሌ ላይ ስለ 0.3 በመቶ ለማስረዳት አትሞክሩ። የሐኪም መድኃኒታቸውን ግን በየራሱ ዕቃ፣ ስማቸው ከተጻፈበት ወረቀት ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ያዢላቸው። ሰው «ለዘመድ አድርሱልኝ» ብሎ የሚሰጣቸውንም ዕቃ አንቺው ፈትሽው።