ከኬፕታውን ወደብ ተነስተን የባሕሩን ዳርቻ በየት በኩል ብንዞር ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። ጀርመን የምትኖረው እህቴ እናታችንንና እኔን በመርከብ ልታዞረን ትኬት ቆርጣለች። መርከቡ ኬፕታውን ጠዋት 2 ሰዓት ደርሶ ማታ 12 ሰዓት ይነሳል፤ የዘገየን አይጠብቅም። መኪና ተከራይታ የምትነዳው እሷ ናት፣ መንገድ የማውጣቱ ሥራ ግን እኔ ላይ ወደቀ።

የጨነቀኝ አቅጣጫው ነው። ቻፕማንስ ፒክ የሚባለው፣ ከሃውት ቤይ እስከ ኖርድሁክ ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት የ9 ኪሎ ሜትር መንገድ 114 ኩርባ አለው። የጊቤን ቁልቁለት ለለመደ ኩርባው ብርቅ አይደለም፤ የሚያሳስበኝ እዚያ የሚነዳው በግራ መሆኑ ነው፣ እህቴ ደግሞ የለመደችው በቀኝ ነው።

መጀመሪያ በሳይመንስ ታውን በኩል ሄደን ፔንግዊኖቹን አይተን፣ የልሳነ ምድሩ ጫፍ የሆነው ኬፕ ፖይንት ደርሰን በቻፕማንስ ፒክ ብንመለስ የምንይዘው የባሕሩን ጠርዝ ነው። እይታው ግሩም፣ ለማቆምም ይመቻል። እናቴ ግን ከወዲሁ «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው» ብላለች! ገልብጠን ከዞርን የተራራውን ጥግ እንይዛለን፤ ለማቆም ግን መንገድ ማቋረጥ ሊመጣ ነው። ደግሞም ድንጋይ ሲናድ ወይም አየሩ ሲከፋ መንገዱ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ ቢጠብቀን በሌላው የተራራ መንገድ፣ በኦ ካፕሰ ቬህ በኩል ዞረን እንደርሳለን?

የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ኬፕ ፖይንትን ትቼ ፔንግዊኖቹ ላይ ልወሰን? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ኬፕ ፖይንት ላይ ወደ ላይ የሚያወጣ ባቡር እንዳለ አይቻለሁ፣ ወረፋው ግን ምን ያህል ይፈጃል?