የሞንትጎመሪ ካውንቲ አዲሶቹ የሁለተኛ ደረጃ ልዩ ፕሮግራሞች፦ ወላጆች ምን እንጠይቅ?

እናት ከዊተን

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ያለው የካውንቲያችን የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን በስድስት ቀጠና ከፍሎ በየቀጠናው ልዩ ፕሮግራሞችን ለማስቀመጥ ማቀዱን ሰምታችኋል። በእቅዱ መሠረት የሚጀምረው በ2027-28 ዘጠነኛ ክፍል በሚገቡት ልጆች ነው። በስብሰባዎቹ ላይ የሚታየው ስላይድ ብዙ ነው፣ እኛን የሚያስጨንቀንን ግን በቀጥታ አይመልስም። በብሌር ሁለተኛ ደረጃ ያለውን የመሳሰሉት ነባር ፕሮግራሞች ምን ይሆናሉ? የጤና ፕሮግራም የሚባለው በእርግጥ ወደ ነርሲንግና ወደ ሕክምና ያደርሳል? ልጆቹን ከአሁኑ በምን እናዘጋጃቸው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ አዲሱን ለመመዘን መጀመሪያ አሁን ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በእኛ በኩል ሁለት ኮንሶርቲየም፣ ማለትም ተማሪ ከመካከላቸው የሚመርጥባቸው የትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ አለ። የዳውንካውንቲው ብሌርን፣ አይንስታይንን፣ ኬኔዲን፣ ኖርዝውድንና ዊተንን ይይዛል። የኖርዝኢስቱ ደግሞ ብሌክ፣ ፔይንት ብራንችና ስፕሪንግብሩክ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የሚኖር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ቤቶቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል፤ ከሰፈሩ ውጭ ወዳለውም ሊመደብ ይችላል። ከዚህ የተለዩ፣ በውድድር የሚገባባቸው ፕሮግራሞች አሉ፦ በ1985 የተጀመረው የብሌር የሳይንስ፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ማግኔት (ከሌላ ሰፈርም ተማሪ የሚቀበል ልዩ ፕሮግራም)፣ የሪቻርድ ሞንትጎመሪ አይቢ (ዓለም አቀፍ ባካሎሬት)፣ የፑልስቪል ፕሮግራሞች።

በአዲሱ እቅድ ሁለቱ ኮንሶርቲየሞች ይፈርሳሉ። ተማሪው የሚያመለክተው በራሱ ቀጠና ውስጥ ላሉት ፕሮግራሞች ነው። ሕክምናና ጤና፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ አይቢና ሂውማኒቲስ፣ አመራርና የሕዝብ አገልግሎት፣ ሥነ ጥበብና ዲዛይን የመሳሰሉት ዘርፎች በየቀጠናው ይከፋፈላሉ። አሁን በፕሮግራም ውስጥ ያሉት ልጆች ባሉበት እንዲጨርሱ ታስቧል፤ ስለዚህ ትልቅ ልጅ ብሌር ማግኔት ያላችሁ ስለ እሱ አትጨነቁ። ታናሹ ግን በሌላ ሕግ ነው የሚያመለክተው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመምህራኑ ጉዳይ ነው። የብሌር ማግኔት ብርታቱ ስሙ አይደለም፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ተሰባስበው የቆዩት መምህራንና በየዓመቱ በአንድ ጊዜ የሚገቡት 100 ገደማ ተማሪዎች ናቸው። ያን ያህል ልጅ አንድ ላይ ሲኖር ከካልኩለስ በላይ የሆነ ሂሳብ የሚወስዱ ሃያ ምናምን ተማሪዎች ይገኛሉ፣ ክፍሉም ይከፈታል። ተማሪው በስድስት ቦታ ሲበተን በአንዱ ትምህርት ቤት ስምንት ልጅ ብቻ ይመዘገብ ይሆናል። ስምንት ልጅ ለያዘ ክፍል ርዕሰ መምህሩ መምህር አይመድብም፤ ኮርሱ በዝርዝሩ ላይ እያለ በተግባር አይሰጥም። ስለዚህ በየስብሰባው «ምን ኮርስ አላችሁ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ይህ ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት ይከፈታል ወይ? ለመክፈት ስንት ተማሪ ያስፈልጋል? ካልሞላስ ልጄ የት ይወስደዋል?» በሉ። መልሱ «በኦንላይን» ወይም «ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሄዶ» ከሆነ መጓጓዣውን ማን እንደሚያቀርብ እዚያው ጠይቁ።

ነዋሪ ከጀርመንታውን

ወንድሜ፣ ስለ መምህራኑ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን በካውንቲው ሰሜን በኩል ለምንኖረው የእስካሁኑ አሠራር ፍትሐዊ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት 7፡45 ጠዋት ይጀምራል። ፕሮግራሙ ሩቅ ከሆነ አውቶቡሱ ልጁን የሚያነሳው ከቤቱ ደጃፍ ሳይሆን ከማዕከላዊ ፌርማታ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ጨለማው ሳይገፈፍ እስከዚያ ማድረስ አለበት። ሌሊት ሆስፒታል ወይም ታክሲ ላይ የሚያድር ወላጅ ይህን በየቀኑ አይችልም። ውጤታቸው የሚያበቃቸው ልጆች በዚህ ምክንያት ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ፕሮግራሙ ወደ ቀጠናው ሲመጣ ይህ ይቀላል፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቢሆንም «ቀጠና» ማለት «ቅርብ» ማለት አይደለም፤ በአንድ ቀጠና ውስጥም ረጅም መንገድ አለ። በመደበኛው ደንብ ካውንቲው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አውቶቡስ የሚያቀርበው ቤቱ ከተመደበበት ትምህርት ቤት ከ2 ማይል በላይ ሲርቅ ነው። ለልዩ ፕሮግራም ግን ፌርማታው የት እንደሚሆን፣ ከትምህርት በኋላ ለክለብና ለስፖርት የሚቆይ ልጅ በምን እንደሚመለስ ለየብቻ ጠይቁ። የጠዋቱን አውቶቡስ ተናግረው የማታውን ሳያነሱ የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። የካውንቲው የሕዝብ አውቶቡስ፣ ራይድ ኦን፣ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ስለሆነ መስመሩን አይታችሁ እንደ መጠባበቂያ ያዙት።

የሂሳብ መምህር

ሁለታችሁም ስለ ዘጠነኛ ክፍል ነው የጻፋችሁት። የሳይንስና የቴክኖሎጂው በር ግን የሚወሰነው በስድስተኛ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጆቻችን የሚዘገዩት።

በመካከለኛ ደረጃ ሦስት የሂሳብ መንገድ አለ። ማት 6፣ ማት 7፣ ማት 8 ብሎ የሚሄድ ልጅ አልጀብራ 1ን የሚወስደው ዘጠነኛ ክፍል ነው። ፈጠን ያሉትን ኤኤምፒ 6+ እና 7+ የሚባሉ ኮርሶች የወሰደ ስምንተኛ ክፍል ላይ ይደርስበታል። ስድስተኛ ላይ «ኤይም» የሚባለውን ከዚያም የፈጠነ ኮርስ የወሰደ ደግሞ ሰባተኛ ላይ አልጀብራ 1 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ ነው። በጣታችሁ ቁጠሩት፦ አልጀብራ 1ን ስምንተኛ ላይ የጀመረ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ሰባተኛ ላይ የጀመረ አሥራ አንደኛ ላይ ይደርስና አንድ ዓመት ይተርፈዋል። ዘጠነኛ ላይ የጀመረ ግን አንድ ዓመት ሁለት ሂሳብ ካልደረበ ወይም በክረምቱ (በሰመር) ዕረፍት ካልወሰደ ካልኩለስ ሳይነካ ይመረቃል። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ልጅ በዚህ ይጎዳል።

ምደባው የሚሠራው ማፕ በሚባለው በትምህርት ቤት በሚሰጥ ፈተና፣ በክፍል ውጤትና በመምህር አስተያየት ነው። ልጁ ዝቅ ብሎ ተመድቦ ከመሰላችሁ ዝም አትበሉ። አምስተኛ ክፍል ሲያልቅ፣ በጸደይ፣ ለመካከለኛ ደረጃው ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ኢሜይል ጻፉና የማፕ ውጤቱን ጠቅሳችሁ ምደባው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። የትምህርት ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ መቀየር ከባድ ነው፤ የፕሮግራም ሰሌዳው ሁሉ ስለሚናጋ እምቢ ይላሉ። ስቴቱ የአልጀብራና የጂኦሜትሪ ኮርሶችን ኢንቴግሬትድ አልጀብራ በሚባል አደረጃጀት ለመተካት እየተዘጋጀ ስለሆነ የኮርሶቹ ስም ሊቀየር ይችላል። ለካውንስለሩ የምታቀርቡት ጥያቄ ግን ያው ነው፦ «በዚህ መንገድ ከሄደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ምን ሂሳብ ይወስዳል?»

ማመልከቻው የሚከፈተው ልጁ ስምንተኛ ክፍል በገባበት መከር ነው፤ እስካሁን በነበረው ልማድ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ። የሚሞላው ፓረንትቪው በሚባለው የወላጆች ድረ ገጽ ስለሆነ የይለፍ ቃል የጠፋባችሁ ዛሬውኑ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስተካክሉ። በ2025-26 ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ ማለት በ2026 መከር የሚያመለክት ልጅ ማለት ነው።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የጤናውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ብዙ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። «ጤና» በሚል ስም ሁለት የተለያየ ነገር አለ።

አንደኛው ባዮሜዲካል ሳይንስ ነው። በዊተን የቆየው ፕሮግራም የዚህ ዓይነት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የፕሮጀክት ሊድ ዘ ዌይ ሥርዓተ ትምህርት አራት ኮርሶች አሉት፦ የባዮሜዲካል ሳይንስ መሠረት፣ የሰውነት ሥርዓቶች፣ የሕክምና ጣልቃ ገብነት፣ በመጨረሻም የምርምር ፕሮጀክት። ይህ ላቦራቶሪ ነው፤ ለኮሌጅ ያዘጋጃል እንጂ ሲመረቁ ሥራ የሚያስቀጥር ፈቃድ አይሰጥም። ሁለተኛው የጤና ሙያ ሥልጠና ነው። ልጁ በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ክሊኒካል ልምምድ ወጥቶ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ወይም ተመሳሳይ ምስክር ወረቀት ይዞ ይመረቃል። ኮሌጅ እየተማረ በሰዓት ክፍያ መሥራት ይችላል።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። ሐኪም መሆን ለሚፈልግ ልጅ ከሲኤንኤው በላይ ኤፒ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች፣ ኤፒ ባዮሎጂ፣ ኤፒ ኬሚስትሪና ሂሳብ ናቸው የሚቆጠሩለት። ክሊኒካል ልምምድ ደግሞ የቀኑን ግማሽ ሊወስድ ስለሚችል ኤፒ ኬሚስትሪው በዚያው ሰዓት ከተመደበ ከሁለት አንዱን መተው ይመጣል። «ሁለቱን በአንድ ዓመት መውሰድ ይችላል? የአንድ ተማሪ የአራት ዓመት ናሙና ሰሌዳ አሳዩኝ» በሉ። ናሙናውን ማሳየት ካልቻሉ ገና አላዘጋጁትም ማለት ነው።

ለክሊኒካል የክትባት መረጃና የቲቢ ምርመራ ይጠየቃል። ክትባቱን አገር ቤት የወሰደ ልጅ ካርዱን በጊዜ ያስተርጉም፤ አለበለዚያ እንደ አዲስ ሊወጋ ይችላል። የስደት ጉዳያቸው ገና ያላለቀ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ትምህርት ቤት መግባት በ1982 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የማንም ልጅ መብት ነው፤ የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳይደርስ ከአስተባባሪው ጋር ተነጋገሩ።

ስቴቱ ብሉፕሪንት በሚለው የትምህርት ሕጉ በ2030-31 ከሚመረቁት 45 በመቶው የታወቀ የሙያ ምስክር ወረቀት ወይም የአፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ የሚማሩበት) ሥልጠና እንዲኖራቸው ግብ ስላስቀመጠ የሙያ ፕሮግራሞች እየተስፋፉ ነው። ለብዙ ልጆቻችን መልካም ዕድል ነው። ልጁ በራሱ ፍላጎት እንጂ «ለእሱ ይሄ ይበቃዋል» ተብሎ እንዳይገፋበት ግን ወላጅ መገኘት አለበት። የልጁ አነጋገር ዘዬ ያለው ስለሆነ ብቻ ወደዚያ የሚመሩ ካውንስለሮች አሉ።

እናት ከዊተን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሶል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት) ውስጥ ላሉ ልጆችስ? ቤት የምንቀይርስ?

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ኢሶል የሚወስድ ልጅ እንዳያመለክት የሚከለክል የለም። ችግሩ ሰዓት ነው። በቀን ያሉት ክፍለ ጊዜዎች ውስን ናቸው፤ ኢሶሉ አንዱን ወይም ሁለቱን ከያዘ፣ ለመመረቅ የሚያስፈልጉት 22 ክሬዲቶችም ቦታ ይፈልጋሉና፣ ለፕሮግራሙ ኮርሶች የሚተርፈው ይጠባል። በዘጠነኛ ክፍል መጀመር ያለበትን ኮርስ በአሥረኛ ቢጀምረው ይቀበሉት እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ልዩ ድጋፍ ወይም አይኢፒ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ያለው ልጅ ደግሞ ድጋፉ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ተከትሎት መሄድ አለበት፤ «ይህ ፕሮግራም ያለው ልጅ ያንን አያገኝም» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ቤትን በተመለከተ፦ አዲሱ የዉድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ሲከፈት ክልሎች ስለሚሸጋሸጉ፣ ቤት ሳትቀይሩም የሰፈራችሁ ትምህርት ቤትና ቀጠናችሁ ሊቀየር ይችላል። የሊዝ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዛሬውን ሳይሆን ለ2027 የታሰበውን ካርታ እዩ። ከዘመድ ጋር በጋራ የምትኖሩ የጋራ መኖሪያ ፎርም መሙላት አለባችሁ፤ ቤቱ የተመዘገበበት ሰውም ይፈርማል። የዘመድ አድራሻ ብቻ ሰጥቶ መመዝገብ ግን ሲታወቅ ልጁን ከፕሮግራሙ ያስወጣዋል።

የትምህርት ቤት ለውጥ ጥያቄ፣ ኮሳ የሚሉት፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው የሚቀርበው። የሚሰጠው እንደ ወንድም እህትና ልዩ ችግር ላሉ ምክንያቶች ነው፤ «ያኛው ይሻላል» ምክንያት አይሆንም። በኮሳ የተዛወረ ልጅ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ ቡድን አይጫወትም። እግር ኳስ ወይም ሩጫ ላይ ያለ ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ነዋሪ ከጀርመንታውን

አንድ ልጨምር። አማርኛ ዲስትሪክቱ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለማንኛውም ስብሰባ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ክፍያም የለውም። ቢያንስ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ጠይቁና ኢሜይሉን አስቀምጡ። ልጁን እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን ሁሉ አያስተረጉምም። ለትምህርት ቦርዱ የምትናገሩ ከሆነ ጊዜው በጥቂት ደቂቃ የተወሰነ ስለሆነ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፦ አንዱ ስለ መምህራን፣ አንዱ ስለ ማታው አውቶቡስ፣ አንዱ ስለ ኢሶል። ተናጋሪዎች ቀድመው ይመዘገባሉ፣ ቦታውም ቶሎ ይሞላል፤ ያልደረሰው በጽሑፍ ይላክ።