ደንበኛው ዋጋውን ከቴሌግራም ይዞ ይመጣል፤ ሱቁን ልዝጋ?

የአራዳዋ ነጋዴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አራዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት ሱቄ የገባው ሰው ብዙ ነበር፤ የገዛው ግን ጥቂት ነው። ቀሚሱን ያስወርዳሉ፣ ጥለቱን ይዳስሳሉ፣ ይለካሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «ይኸው ሽሮ ሜዳ በዚህ ዋጋ አለ፣ ይልኩልኛል» ይሉኛል። አይቼዋለሁ፣ አብዛኛው የፋብሪካ ጨርቅ ነው፤ ጥለቱም የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። በስልክ ሲታይ ግን ከእኔው አይለይም።

ኪራዩና ግብሩ እንዳለ ሆኖ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ የሸማኔዎቹ ነገር ነው። ድርና ማጉን ገዝቼ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። እኔ ካልሸጥኩ እነሱም ሥራ ይፈታሉ፤ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ሱቁን ዘግቼ ቻናል ብከፍት ያዋጣኛል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የማራኪው ልጅ፦
እትዬ፣ ሱቁን እንዳይዘጉ! እኔ ጫማ የምሸጠው በቴሌግራም ብቻ ነው። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሱቃችሁ የት ነው?» ብሎ ነው። የለኝም ስል ግማሹ ይጠፋል፤ ቀብድ ልኮ የተበላ ሰው ስለበዛ አልፈርድባቸውም። ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ እኔ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ የአቅሙን ይሸጥ ነበር። ቻናሉን ከሱቁ ጋር አብረው ያስኪዱት። በቴሌብር ከፈልኩ የሚልዎትን ሰው ስክሪንሾት አይመኑ፤ መልእክቱ በራስዎ ስልክ ሳይገባ ልብሱን እንዳይሰጡ።

የቀበሌ 18 ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ እኔ ገዢ ነኝ። ሞዴል ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ጥለቱን ገልብጠሽ አሳዪኝ! የታተመው ከጀርባው ይደበዝዛል፤ የተሸመነው ክሩ እዚያም ይታያል። ፈትሉን ቀረብ አድርገሽ ቅረጪው፤ በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል። ይህን ካየሁ የዋጋው ልዩነት ይገባኛል፣ እከፍላለሁም።

የአራዳዋ ነጋዴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባውን ማሳየት ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ግን ከሩቅ ያለ ሰው ልኩን እንዴት ይሰጠኛል? ሰፍቼ ልኬ ቢመለስብኝ ለሌላ አይሆንም።

የቀበሌ 18 ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ፦
ሳትሰፊ ላኪው። ጨርቁንና ጥለቱን ብቻ ሽጪልኝ፤ እዚህ ሰፈሬ አሰፋዋለሁ። ነጠላና ጋቢ ደግሞ ልክ አይፈልጉም፣ በእነሱ ጀምሪ። ቻናሉን ስትከፍቺ ስሙን እዚሁ ጻፊልን።